አስቸኳይ፦ ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረብን (ባሕር ዳር)

መንገደኛዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ገስት ሃውስ ከእናቴ ጋር አርፈናል። የክፍላችን ቁልፍ አሁን በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እጄ ላይ ያለው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ መታወቂያችን፣ ገንዘባችን ሁሉም ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ መራዊ ልቅሶ ሄደዋል፤ ስልካቸው አይሠራም። ቤት ያለችው ልጃቸው መለዋወጫው የት እንዳለ አታውቅም። ነገ ጠዋት 12 ተኩል ደግሞ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ጀልባ ይዘናል። ምን ላድርግ?

አባይ ማዶ፦
እህቴ፣ የተሰበረው ጫፍ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጊ። ከውስጠኛው ጋር አጣብቀሽ ሳቢው። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

የቆጋ ልጅ፦
እንዲህ ዓይነት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው መለዋወጫ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ነው። የቤተሰብ ማረፊያ ደስ ይላል፤ እንደ ዘመድ ነው የሚቀበሉሽ። ግን የሌሊት ተረኛ የለውም። ለቅሶም ሰርግም ሲመጣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ደግሞ መድኃኒትና መታወቂያ ከእጅ ቦርሳ አይወጣም። ይሄን ሁሉም ተጓዥ ይያዝ።

መንገደኛዋ፦
እሺ፣ ለሚቀጥለው። አሁን የቸገረኝ በሩ ነው። መስኮቱ ብረት አለው፤ በዚያ አይገባም።

ጣና ዳር፦
ቡና አፍሉ! ሽታው ፒንሳ ያለውን ጎረቤት ሁሉ ይሰበስበዋል። የምሬን ነው፣ የጎረቤት በር አንኳኪ። የሽምብጥ ሰው አያሳፍርሽም።

በር ገጣሚው፦
ሱፐር ግሉ እንዳትነኪ! ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ሲሊንደሩ (ከቁልፉ ጋር የሚዞረው ክፍል) ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በሩን መስበር ነው። ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ ሲሰበር ቁልፉ ዞሮ ነበር ወይስ ቀጥ ብሎ? ቁራጩ በጥፍር ይያዛል ወይስ ጠልቋል?

መንገደኛዋ፦
ትንሽ ዞሮ ነው የተሰበረው። ጠልቋል፣ አይያዝም።

አባይ ማዶ፦
ሱፐር ግሉ በጣም ትንሽ ከሆነ እኮ ችግር የለውም።

የጤና ባለሙያ ነኝ፦
ስለ እናትሽ ልጠይቅ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በትክክል ካወቃችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ አማክሩ። ዛሬ ካለፋቸው ነገ ደርበው እንዳይወስዱ። ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የእይታ ብዥታ ካለባቸው ግን በሩን ተይውና ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

በር ገጣሚው፦
እንግዲያው ለማውጣት አትቸኩዪ፤ ቁራጩ ራሱ ይከፍትልሻል። ውስጥ እስካለ ድረስ ፒኖቹን (ሲሊንደሩን የሚቆልፉትን ትንንሽ ዘንጎች) በልካቸው ይዟቸዋል። ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወይም የቢላ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገቢና ወደሚከፍተው አቅጣጫ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ብዙ ጊዜ ይከፈታል።
እምቢ ካለ፣ ቁልፍ ሲገባ ወደሚቆምበት ቦታ መልሺው። እንደዞረ ብትጎትቺው ፒኖቹ አይለቁትም። ከዚያ ወረንጦ ሞክሪ። ወረንጦ ካልገባ በጣም ቀጭን የሰጌቶ ምላጭ በቁልፉ ጥርስ በኩል አሾልከሽ አስገቢ፤ የምላጩ ጥርስ ወደ አንቺ ይዙር፣ አያይዘሽ ሳቢ። ዘይት አታፍስሺበት፤ ትንሽ የእርሳስ ዱቄት ይበቃል።

ዘጌ ቡና፦
ቆይ፣ እናትሽን ይዘሽ ነው ደጋ የምትሄጂው? ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ያን ሁሉ ውሃ አቋርጣችሁ ከዳር ልትመለሱ ነው። ጀልባውን ወደ ደቅ ደሴት፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ አስቀይሪው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፤ ሴትም ወንድም ይገባል፤ ሥዕሉ ዓይን ያጠግባል። እናትሽ ረጅም የጀልባ መንገድ የሚከብዳቸው ከሆነ ደግሞ ዘጌ ቅርብ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ስመው፣ በቡናው ጫካ ጥላ ጥላውን ይመለሳሉ።

መንገደኛዋ፦
የጀልባው ሰውዬ ይሄን አልነገረንም! አመሰግናለሁ፣ እደውልለታለሁ። ካቻቢቴ ከጎረቤት አገኘን። እየሞከርን ነው።

አባይ ማዶ፦
ካልሆነ ሱፐር ግሉ አለ።

ጣና ዳር፦
ሰውዬው በኋላ እንሂድ ካለሽ እሺ እንዳትዪ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ትልቅ ሰው ያንገላታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይሰጣችሁ አትሳፈሩ። ነጠላም ያዙ።

በር ገጣሚው፦
በስልክሽ መብራት ቀዳዳውን እያየሽ ሥሪ፤ በጉልበት አይሆንም። ተከፈተ? ሲወጣ ሁለቱንም ቁራጭ አትጣሉ። ቁልፍ ቀራጭ ገጥሟቸው በነሱ ልክ አዲስ ያወጣል።