ደብረ ብርሃን ግቢ በር ላይ ኮፒ ቤት ልክፈት ወይስ ስድስት ኪሎ ልቆይ?

የኮፒዋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት መጀመሪያ ተቀጥሬ በኋላ በራሴ ስሠራ 8 ዓመት ሆኖኛል። ስጀምር አንድ ገጽ በ50 ሳንቲም ነበር፣ የፈተና ሰሞን ተማሪው ተሰልፎ እስከ ማታ 3 ሰዓት ሀንድአውት ስናባዛ እናመሽ ነበር፣ አሁን መምህሩ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል ተማሪውም በስልኩ ያነባል፣ እኔ ጋ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ጥረዛ ነው በቃ። ወረቀትና ቶነር ደግሞ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው አልያዝ አለኝ። በዚህ ላይ አከራዬ ኪራዩን እጥፍ አድርጊ አለችኝ። ደብረ ብርሃን የሚኖረው ወንድሜ "ግቢው በር አካባቢ ባዶ ሱቅ አለ፣ ኪራዩ ያንቺን ሲሶ አይሞላም፣ ኮፒውንም ሻይ ቡናውንም አብረሽ ትሠሪያለሽ፣ ነይ" እያለኝ ነው። እናቴ ከኔ ጋር ናት፣ ልጄም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ስለዚህ ሞክሬ ልመለስ የምለው ነገር አይደለም። ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሠራችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከተማሪ ብቻ ይኖራል?

ባለ ሽሮው
እህቴ እኔ ክልል ላይ ከግቢ በር ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ምግብ ቤት ነበረኝ። ተማሪ ጥሩ ደንበኛ ነው ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርሙም ካፌውም ውስጥ ነው፣ አንቺ ጋ የሚደርሰው ቤተሰብ የላከለት የኪስ ገንዘብ ነው። ብር የተላከለት ሰሞን ጥብስ ያዛል፣ ወሩ ሲጋመስ አንድ ሽሮ ለሁለት፣ መጨረሻ ላይ ዱቤ። ዱቤውን አብዛኛው ይከፍላል፣ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ በባንክ የላከልኝ ልጅ አለ እግዜር ይስጠው። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ተማሪ ሲሸኝ በሬ ላይ ቆሜ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ አየሁት፣ ጓዳ ውስጥ ገና የገዛሁት ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ነበር፣ አቆጥቁጦ አረንጓዴ ሆኖ ነው የጣልኩት። ኪራዩ ግን ይቆጥራል። ባለባጃጁም ፀጉር ቤቷም ልብስ አጣቢዎቹም ሁላችንም ባንድ ቀን ሥራ ፈታን። ከገባሽ የአራት ወር ኪራይ ለብቻው አስቀምጠሽ ግቢ።

መምህሩ ከአምስት ኪሎ
እኔም ክልል ላይ 6 ዓመት አስተምሬያለሁ። የበር ላይ ገበያ የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ ሪሚዲያል (50 ያልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚያካክሱበት ፕሮግራም) ባይጀመር ስንት ዶርም ባዶውን ያድር ነበር። አንድ ባች ከሳሳ ደግሞ ጉድለቱ የዚያ ዓመት ብቻ አይደለም፣ እስኪመረቅ አራት አምስት ዓመት ይከተልሻል። ስለዚህ ያ ሱቅ ለምን ባዶ ሆነ ብለሽ ጠይቂ፣ ካንቺ በፊት የነበረው ሰው ምን ይሠራ ነበር ለምንስ ለቀቀ? ሌላው፣ ክረምት ላይ ኮርስ የሚወስዱ አስተማሪዎች ይመጣሉ፣ የዊኬንድ ተማሪም አለ፣ እነዚህ ደሞዝተኛ ናቸው፣ አሳይመንት ያስተይባሉ ያስጠርዛሉ። ሬጅስትራር ሄደሽ የነሱን ቁጥር ጠይቂ፣ ላንቺ ሥራ ከፍሬሽ (አንደኛ ዓመት ተማሪ) ቁጥር ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

የባሶ ልጅ
ደብረ ብርሃንን ግን ከሌላው የግቢ ከተማ ጋር አትደባልቁብኝ! እዚያ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ አሁን አራት ኪሎ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው የመጣው በ1999 ነው፣ ከተማዋ ከዚያ በፊትም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ተመርቋል፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት የደሴ መኪና ሁሉ ያልፍባታል። ተማሪ ቢጠፋ ሰው አይጠፋም። ሱቁን ግን በሩ ላይ አትያዢ፣ ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ፈልጊ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈውም የፋብሪካ ሠራተኛውም ያገኝሻል። ሻዩን ደግሞ አትናቂው፣ ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከቆላ የተመደበ ፍሬሽ በስስ ቲሸርት መጥቶ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ሳይጠጣው ሲሞቀው ብታዪ አንጀትሽን ይበላዋል። ያ ልጅ እስኪመረቅ ያንቺ ደንበኛ ነው። ሳልደብቅሽ፣ በፀጥታው ምክንያት የተማሪ ጥሪ የዘገየበት ጊዜ ነበር፣ እሱንም አስገቢው።

ትዕግስት የቤላ
የኔ እህት 8 ዓመት ያፈራሽውን ደንበኛ ይዘሽ አትሄጂም እኮ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከአከራይዋ ጋር ሽማግሌ አስገብቼ እነጋገራለሁ፣ ካልሆነ አንዱን ማሽን ሸጬ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ጠባብ ቤት እይዛለሁ። ጥረዛ ፈላጊ በስልክ ደውሎም ይመጣል።

የኮፒዋ ልጅ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለወንድሜ ደውዬ ሱቁ ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቀው አላውቅም አለኝ፣ ጎረቤቶቹን ጠይቆ ማታ ይነግረኛል። ቅዳሜ ከላምበረት በጠዋቱ መኪና ሄጄ በሩንም የመሃሉን መንገድም በእግሬ አያለሁ፣ ሬጅስትራር ዝግ ከሆነ እስከ ሰኞ አድሬ እጠይቃለሁ። የባሶ ልጅ፣ መንገዱ ላይ የምታውቀው የሚከራይ ቤት ካለ በውስጥ ጻፍልኝ።