ጥቆማ፦ ላሲክ፣ ፒአርኬ ወይስ ስማይል? ጉዳታቸውን የምታውቁ ንገሩኝ

ማህሌት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። መነጽር ልተው ብዬ እነዚህን በጨረር የሚሠሩ የዓይን ቀዶ ጥገናዎች እያሰብኩ ነው። ጥቅሙን የሚነግረኝ ሞልቷል፤ ጉዳቱን አብራርቶ የሚያስረዳኝ ግን አጣሁ። የመነጽር ቁጥሬ ቀኝ -6.50፣ ግራ -7.25 ከ-1.00 አስቲግማቲዝም (የዓይን ጉብጠት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሳይሆን ሲቀር የሚመጣ ብዥታ) ጋር። የግራው ኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ውፍረት 498 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው ተብሏል። ማታ እነዳለሁ። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? በየትኛውስ ምን ይበላሻል?

ሌንስሜትር
ማህሌት፣ ስም ከመምረጥሽ በፊት የግራ ዓይንሽን ሂሳብ እንሥራ። ጨረሩ የሚልጠውን ጥልቀት በግምት ለማወቅ፣ የሚታከመውን ክብ ስፋት በሚሊሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢውና ለ3 አካፍይው። የሚወጣው ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲዮፕተር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ አንድ የመነጽር ቁጥር፣ የሚላጠው ማይክሮን ነው። ስፋቱ 6.5 ከሆነ 14 ገደማ ይመጣል። የግራ ዓይንሽ በከባዱ አቅጣጫ 7.25 እና 1.00 ተደምሮ 8.25 ስለሆነ 116 ማይክሮን ይላጣል ማለት ነው። በላሲክ መጀመሪያ የሚቆረጠው ፍላፕ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጦ የሚመለሰው ስስ ክዳን፣ 110 ያህል ውፍረት አለው። ከ498 ላይ 110 እና 116 ሲቀነስ የሚተርፈው 272 ነው።

ዝቅተኛው ወሰን 250 ስለሆነ «አልፈሻል» የሚልሽ አይጠፋም። ጠንቃቃ ሐኪሞች ግን 300 እንዲተርፍ ይፈልጋሉ። ሌላም መለኪያ አለ፤ ከጠቅላላው ውፍረት ስንት በመቶው ተነካ የሚለው። 226 ለ498 ሲካፈል 45 በመቶ ነው። በላሲክ ከ40 በመቶ በላይ ሲነካ፣ ቶፖግራፊው (የኮርኒያው የቅርጽ ካርታ) ጤነኛ የነበረ ዓይን እንኳ ከጊዜ በኋላ ኮርኒያው ተዳክሞ ወደ ፊት የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ኤክቴዥያ የሚባለው ይህ ነው። አንዴ ከመጣ በተራ መነጽር አይስተካከልም፤ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ፣ እንዳይብስም ክሮስሊንኪንግ፣ ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና፣ ይጠይቃል።

«ክቡን ወደ 6.0 እናጥብበው» ቢሉሽ፣ በዲዮፕተር 12፣ በድምሩ 99 ይላጣል። የሚተርፈው 289 ይሆናል፤ መቶኛው ግን አሁንም 42 ነው። በዚያ ላይ ማታ በጨለማ ብሌንሽ 7 ሚሊሜትር ቢከፈት፣ ካልታከመው ጠርዝ በኩል የሚገባው ብርሃን ይበተናል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል፤ እግረኛው ቀለበቱ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የብሌንሽ ስፋት በጨለማ ስንት እንደሆነ ሳይለካ ቀን እንዳትቆርጪ።

በፒአርኬ ፍላፕ የለም። የሚነሳው 50 ማይክሮን ገደማ የሆነው የላይኛው ሽፋን ነው፤ እሱም ተመልሶ ያድጋል። 498 ሲቀነስ 50 ሲቀነስ 116፣ 332 ይተርፋል። ባንቺ ቁጥር ከጨረሮቹ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዳዊት ቢ
ስማይል ነው፣ አለቀ። ፍላፕ የለውም፣ ሕመም የለውም፣ በማግስቱ ሥራ ትገቢያለሽ። የኔ ሐኪም ሌላ አይሠራም፤ እጁ የተባረከ ነው። ሂሳብ ምን ያደርጋል?

ሌንስሜትር
ዳዊት፣ ስማይልም በሂሳብ ነው የሚሠራው። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር በሆነች ቀዳዳ ከኮርኒያው ውስጥ ስስ ሌንስ ተቀርጾ ይወጣል። ያ ሌንስ ሳይቀደድ እንዲወጣ ከሚፈለገው በላይ 15 ማይክሮን ያህል ይጨመርበታል። 116 ሲደመር 15፣ 131 ነው። ከላይ የሚቀረው ሽፋን 120 ቢሆን፣ ከሥር የሚተርፈው 247 ነው። ሽፋኑ ዙሪያውን ስላልተቆረጠ ጥንካሬው ከላሲክ ፍላፕ ይበልጣል፤ እሱ እውነት ነው። ድርቀቱም በአመዛኙ ይቀንሳል። ለዚህች ዓይን ግን ከ250 በታች ነው።

ዳዊት ቢ
ወረቀት ላይ ነው ያ። የሐኪሙን እጅ አላየህም።

ትዕግስት ኬ
ለሐኪሙ ያለህ ፍቅር የጎደለውን 3 ማይክሮን አይሞላላትም።

ሰብለ
ሁላችሁም ስለ ውፍረት ትከራከራላችሁ፣ ድርቀትን የሚያነሳ የለም። ላሲክ ከተሠራሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በ6/6፣ ማለትም ያለ መነጽር በሙሉ እይታ፣ አነባለሁ፤ ጠዋት ግን ሽፋሽፍቴን ስገልጥ አሸዋ የገባበት ያህል ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት እንባዬን የለካልኝ አልነበረም። «ጠብታ ጨምሪ» ይሉኛል። ማህሌት፣ ተይው!

ኤልሳ ዓይን
ሰብለ፣ አይዞሽ። የምትይው የታወቀ ጉዳት ነው። ፍላፑ ሲቆረጥ የኮርኒያው ነርቮች ከማጠፊያው በቀር አብረው ይቆረጣሉ። ዓይን መድረቁን ለአንጎል የሚያሳውቁት እነሱ ስለሆኑ እንባ ይቀንሳል፣ ማርገብገብም ይቀንሳል። ነርቮቹ እስኪያገግሙ ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ባስጠናው የላሲክ ጥናት፣ ቀድሞ ድርቀት ካልነበረባቸው ሰዎች እስከ 28 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር ድርቀት ተሰምቷቸዋል። ቀለበት፣ ነጸብራቅና የመሳሰለው ቀድሞ ካልነበረባቸውም እስከ 46 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አዲስ ምልክት አይተዋል። የዕለት ሥራቸውን በጣም ያስቸገረባቸው ግን ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ማህሌት ሁለቱንም ማወቅ አለባት።

ሰብለ፣ አሁን ማድረግ የምትችዪው፦ ጠብታሽን በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጠቀሚ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚል መኖሩን እዪ፤ ካለ መከላከያ ኬሚካል ወደሌለው፣ ባንድ ባንድ ወደታሸገው ቀይሪ። ኬሚካሉ ራሱ የኮርኒያውን ሽፋን ይጎዳል። የዓይን ቆብ ዘይት ዕጢዎችሽን አስመርምሪ፤ ከተደፈኑ ሞቅ ባለ ጨርቅ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ማሸቱ የዓይን ቆቡን ነው፣ ዓይኑን አይደለም። ይህ ካልበቃ የእንባ መውጫውን በትንሽ መሰኪያ ይዘጉታል። ኮርኒያሽ በምርመራ ደህና መስሎ ሕመሙ ከቀጠለ ደግሞ ማደንዘዣ ጠብታ ክሊኒኩ ውስጥ አድርገው ይሞክሩሽ። በማደንዘዣውም ካልቆመ ምንጩ ራሱ ነርቩ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው።

ሰብለ
አመሰግናለሁ ኤልሳ። ጠርሙሱን አሁን አየሁት፣ አለበት።

ገብሬ ኤም
እናቴ ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ አለባት። ላሲክ ያነሳዋል?

ትዕግስት ኬ
ጥያቄው ስለ ሞራ አይደለም፣ ወንድሜ።

ኤልሳ ዓይን
ግድ የለም ትዕግስት፣ ሁሉም «ጨረር» ስለሚባል ይምታታል። ገብሬ፣ አያነሳውም። ሞራ ከውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው፤ ሌንሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። ላሲክ የሚነካው ከፊት ያለውን ኮርኒያ ብቻ ነው። እናትዎ ስኳር ካለባቸው ሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ የሚሠራው ጨረር ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው።

ማህሌትንም ይመለከታታል ይኼ። ላሲክም ሆነ ፒአርኬ የተሠራ ሰው ሲያረጅና ሞራ ሲመጣበት፣ የሚተካው ሌንስ ቁጥር ሲሰላ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ኮርኒያው ተቀይሯላ። የዓይን ግፊትም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ግላኮማ፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ፣ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለውን የኮርኒያ ልኬትና የመነጽር ቁጥር የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ይፈለጋል።

ናሆም
ፒአርኬ ይሻላል ተብሎ ቢታለፍ ልክ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይቆጠቁጣል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን አያስይዝም። ሽፋኑ እስኪዘጋ ከ3 እስከ 5 ቀን የመከላከያ ሌንስ ዓይን ላይ ይቀመጣል፤ ጥርት ያለ እይታ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከ-6 በላይ ሲሆን ኮርኒያው ላይ ጉም የመሰለ ጠባሳ የመፈጠር ዕድሉ ስለሚጨምር ጠባሳውን የሚከላከለው መድኃኒት፣ 0.02 በመቶ ማይቶማይሲን፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ መደረጉን ጠይቂ። ለወራት የፀሐይ መነጽር ግዴታ ነው። የስቴሮይድ ጠብታው አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ስለሚያወጣ በየቀጠሮው ግፊትሽ ይለካ። አደራ፣ የማደንዘዣ ጠብታ ይዘሽ ወደ ቤት እንዳትገቢ። ሕመሙን ያጠፋዋል፤ ሽፋኑ እንዳይዘጋ አድርጎ ኮርኒያውን ያቆስለዋል።

በዚህ ቁጥርና በዚህ ውፍረት ደግሞ አይሲኤል፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ፣ መጠየቅ አለበት። ሌንሱ ከአይሪስ (ቀለም ካለው የዓይን ክፍል) ኋላ፣ ከራስሽ ሌንስ ፊት ይቀመጣል፤ ኮርኒያ አይላጥም፣ ካልተስማማ ይወጣል። የፊተኛው ክፍል ጥልቀት፣ ከኮርኒያው እስከ ራስሽ ሌንስ ያለው ርቀት፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ የኮርኒያው የውስጥ ሴሎችም ይቆጠራሉ። ጉዳቱ፦ ወደ ራስሽ ሌንስ በጣም ከተጠጋ ሞራ፣ ልኩ ከበዛ የግፊት መጨመር። ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀዶ ጥገና ስለሆነ ኢንፌክሽን ከያዘው ከባድ ነው።

ማህሌት (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ቶፖግራፊውን የተነሳሁት ኮንታክት ሌንስ ባወለቅኩ በማግስቱ ነው። ግራው ደግሞ አምና -6.50 ነበር። ለውጥ ያመጣል?

ሌንስሜትር
በጣም እንጂ! አስቲግማቲዝም የሚያርመው ለስላሳ ሌንስ ከሆነ 3 ሳምንት ሳታደርጊ ቆይተሽ ነው የምትለኪው፤ ሌንስ ኮርኒያውን ስለሚጫነው በማግስቱ የተነሳው ካርታ አይታመንም። በዓመት ከ0.50 በላይ የተለወጠ ቁጥር ደግሞ ገና አልረጋም። ቀጭን ኮርኒያ፣ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር፣ ባንድ ዓይን ብቻ፦ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪሙ ኬራቶኮነስን፣ ኮርኒያው ሳስቶ ወደ ፊት የሚሾልበትን በሽታ፣ ፈልጎ እስኪያጣው ድረስ ጨረር አይነካሽ። የኮርኒያውን የኋላ ገጽ የሚያሳይ ምርመራ ጠይቂ፣ ፔንታካም ወይም የሱ ዓይነት። የፊቱ ገጽ ብቻ ሲታይ ጅማሬው ያመልጣል። ዓይንሽን የማሸት ልማድ ካለሽ ዛሬውኑ ተይው።

ዳዊት ቢ
የኔ ሐኪም ጋ ሂጂ ብቻ። እሱ ይነግርሻል።

ገብሬ ኤም
ኤልሳ፣ እናቴ ስኳር አለባት። ሬቲናዋን የሚያየው ሐኪም ሞራውን ከሚያነሳው ይለያል?

ኤልሳ ዓይን
ሊለያይ ይችላል። ሞራው ከመነሳቱ በፊት ሬቲናቸው ብሌን በሚከፍት ጠብታ ይታይ፤ ሞራው ወፍሮ አላሳይ ካለ በአልትራሳውንድ ይታያል። መጨረሻ የተለካው የስኳር መጠናቸው ስንት ነው?