ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የግቢውን ሣር በምን እንተካው?

ሰሞኑን የግቢያቸውን ሣር አንሥተው ውኃም ጉልበትም የማይፈጅ ነገር መትከል የሚፈልጉ ሰዎች እየጠየቁ ነው። ሐሳቡን በጣም እደግፋለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመውን ሣር ላይ ማፍሰስ ያሳዝናል።

ግን እኛ ጋ ተክል የሚገድለው ጥማት ብቻ አይደለም። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይመታታል። ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ውኃ አቁሮ ይከርማል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለአፈሩ አውጡ፣ ከዚያ ለተክሉ።

ቁፋሮውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ሳይርስ ጨርሱት። ሰርዶ ሥሩ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ተመልሶ ይመጣል። ክረምት ላይ ከቆፈራችሁትማ የተቆረጠው ሥር ሁሉ እንደገና ይበቅላል። የቀን ሠራተኛ ከመያዝ በቁርጥ መነጋገር ይሻላል፤ ሥር መልቀሙንም አብራችሁ ተዋዋሉ። ከዚያ መደቡን በድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ ዋልካውን ከጠጠርና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉት።

ችግኝ ከየት? የመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚያፈሉት ዛፍ ነው። ለጥግ የሚሆን ወይራ ወይም ጽድ ከፈለጋችሁ እዚያ ሂዱ። መንገድ ዳር የሚሸጡት አበቦች ያምራሉ፤ ግን የት እንደበቀሉ ሳትጠይቁ አትግዙ። ሞቃት ቦታ ያደገ ችግኝ የመጀመሪያውን ውርጭ ላያልፍ ይችላል። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ከጎረቤት የሚገኘውን ቁራጭና ግንጥል ነው፤ ብርዱን የለመደ ነው።

ከተክሎቹ አንደኛ የምለው ጦስኝ ነው። ያው ገበያ ላይ ለሻይ የምንገዛው። የደጋ ተወላጅ ነው፣ ድንጋያማ መሬት ይወዳል፣ መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ ይሸፍናል። ቀጥሎ የጥብስ ቅጠልና ጭቁኝ፤ ሁለቱም ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ። እሬትም ጥሩ ነው፣ የሸዋ ደጋ የራሱ ዝርያ አለው። ነገር ግን ሥሩ ውኃ ከቆመበት ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለው መደብ ውጭ አትትከሉት። ጓሳ ሣር መንዝ ላይ ማንም ሳያጠጣው ምን ያህል እንደሚያምር ያየ ያውቃል። እዚያ ካለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ግን አንድም እንዳትነቅሉ። ማሳው ዳር ጓሳ ያለው ገበሬ ካገኛችሁ ከአንዱ ጉብታ ከፍሎ ይሰጣችኋል።

ለመተላለፊያው ሊሾ አልመክርም፤ ውኃውን ወደ ቤቱ መሠረት ይሰደዋል። አሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ውኃ ያሰርጋል፣ ሲበላሽም ነቅሎ ማስተካከል ይቻላል። የድንጋዩን ሥራ የሚያውቁ የወጣት ማኅበራት አሉ። ከመስማማታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራቸውን ሄዳችሁ እዩ። ጠጠር ርካሽ ነው፣ ግን ሥሩ ላስቲክ አታንጥፉ፤ ውኃ አያሳልፍም። የፕላስቲክ ሣር የሚያስቡም አሉ። በበጋው አቧራ እሱንም ማጠብ ሊኖርባችሁ ነው፣ ታዲያ ውኃው የት ቀረ?

ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ላላችሁ ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ አይሆኑም። እናንተ ጋ ውርጭ የለም፣ ሙቀት ነው። ቡጋንቪሊያና እሬት ይበቃችኋል።

ተከላው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ፣ ዝናቡ በደንብ ሲገባ ነው። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ አጠጡ፣ ሥር እስኪይዝ። አትክልተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ከክፍያው የተወሰነውን ጥር እስኪያልቅ ያዙት፤ በውርጭ የሞተውን በዚያው እንዲተካላችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ።