አራት ጊዜ የታደሰ የሦስት ወር ውል

ገላን በኩል ያለ የተማሪ ዩኒፎርም መስፊያ ነው፤ 34 ሠራተኛ፣ 22 የስፌት መኪና። ሥራው የሚበዛው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር በኋላ ግማሹ መኪና ጨርቅ ለብሶ ይውላል።

እስካሁን የተሠራበት የሦስት ወር ውል እያደሱ መሄድ ነው፤ 11 ሰፊዎች አራተኛውን እድሳት ፈርመዋል። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 9፣ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ውጭ ያለን ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ወረቀቱ ላይ «ሦስት ወር» መባሉ ብቻውን አያድንም። በሠራተኛ ቅነሳ እንሂድ ቢባል ደግሞ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። ሁሉንም ቋሚ አድርጎ መያዝም መኪናው በቆመበት ወር ሁሉ ደመወዝ መክፈል ነው። ሰፊዎቹም ቢሆኑ በየሦስት ወሩ እየተሳቀቁ መቀመጥ ሰልችቷቸዋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ጎበዟ ሰፊ ቀድማ ሌላ ሼድ ትገባለች።

አንቀጽ 10 በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራን በተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ለአዲስ ተቀጣሪ ይህ ይበቃል። እነዚህን 11 ሰፊዎች ግን፣ ያገለገሉበት ዘመን ሳይጠፋ በስምምነት ወደ ወቅታዊ ውል ማዛወር ይቻላል ወይስ ከእንግዲህ ቋሚ ናቸው?