እስክስታ ስንመታ የሚንቀሳቀሰው የትኛው የትከሻ መገጣጠሚያ ነው?

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አጥንት መገጣጠሚያዎች ሳስተምር፣ ክርን እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚታጠፍ፣ ትከሻና ዳሌ ግን ክብ የአጥንት ራስ በጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚዞሩ ተናገርሁ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «እስክስታ ስንመታ እጃችን ወገባችን ላይ ነው፤ ታዲያ ክንዳችን ሳይዞር ትከሻችን ብቻውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው በየትኛው መገጣጠሚያ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መማሪያ መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ነገር ስለሌለ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» ብዬ አለፍሁት። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የአናቶሚ አስተማሪ

ተማሪዎ ጥሩ ታዝባለች። በተለምዶ ትከሻ የምንለው አንድ መገጣጠሚያ ሳይሆን አብረው የሚሠሩ አራት መገናኛዎች ናቸው። መጽሐፉ የሚጠቅሰው የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ ብራኳ ላይ ካለው ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበትን ብቻ ነው። ብራኳ፣ ማለትም ከጀርባችን በላይኛው በኩል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጠፍጣፋ አጥንት፣ ከጎድን አጥንቶች ጋር በጅማት አልታሰረም፤ በመካከላቸው ያለው ጡንቻ ስለሆነ በዚያ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ቦታ ልም አጥንትም ሆነ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ስለሌለው እንደ እውነተኛ መገጣጠሚያ አይቆጠርም፤ እስክስታው ግን በዋናነት የሚካሄደው እዚሁ ነው።

ክንዳችን በሙሉ ከደረታችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ክላቪክል የሚባለው፣ ከጉሮሮ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘልቀው ቀጭን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚጋጠምበት ነው። ተማሪዎችዎ ጣታቸውን እዚያ መጋጠሚያ ላይ አሳርፈው ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ አጥንቱ ከጣታቸው ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማቸዋል። የትከሻው ጫፍ ወደ ላይ ሲወጣ የክላቪክል ውስጠኛ ጫፍ በተቃራኒው ወደ ታች ይንሸራተታል። አራተኛው መገጣጠሚያ በትከሻው ጫፍ ላይ ክላቪክልን ከብራኳ ጋር የሚያገናኘው ነው።

ዳሌን ከትከሻ ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥዎ ትክክል ቢሆንም ልዩነታቸውም መነገር አለበት። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቅ ነው፤ ራሱ ዳሌውም የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ከአከርካሪ ጋር በጠንካራ ጅማቶች ተቆራኝቷል። በዳሌ «እስክስታ» የማይመታው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ክብ ራሱ ያለበት መገጣጠሚያ ጨርሶ አይንቀሳቀስም ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስደን። እጅ ወገብ ላይ ሲደገፍ የክንዱ አጥንት በመጠኑ ስለሚያዝ፣ ብራኳ በተንሸራተተ ቁጥር ጎድጓዳው በክቡ ራስ ላይ ይዞራል። ስለዚህ የምናየው የሁለቱን ድምር ነው። ክንድ ሲነሣም እንዲሁ ነው፤ እጃችንን በጎን በኩል እስከ ራሳችን በላይ 180 ዲግሪ ስናነሣ፣ ወደ 120 ዲግሪ የሚጠጋው ከክቡ መገጣጠሚያ፣ 60 ያህሉ ደግሞ ከብራኳ መዞር ይገኛል። ይህን የሁለት ለአንድ ምጣኔ ኢንማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ሲሆን፣ ከሰው ሰው ቢለያይም ለማስተማሪያነት ዛሬም ይጠቅማል።

ብራኳን ወደ ፊት የሚስበው ሰራተስ የተባለው ጡንቻ ነው። ይህን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ የተጎዳበት ሰው ግድግዳ ሲገፋ ብራኳው እንደ ክንፍ ከጀርባው ተነጥሎ ይወጣል።

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጣቴን አሳርፌ ሞክሬው በእርግጥ ይሰማል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በኳስ ጨዋታ «ትከሻው ወለቀ» ሲባል የሚወልቀው ከአራቱ የትኛው ነው?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት

ብዙውን ጊዜ ክቡ መገጣጠሚያ ነው። ጎድጓዳው እጅግ ዝርግ ከመሆኑ የተነሣ፣ በማንኪያ ላይ እንደተቀመጠ ሎሚ ክቡ ራስ በቦታው የሚቆየው በዙሪያው ባሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶች ኃይል ነው፤ በሚወልቅበትም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው። ከመገጣጠሚያው ሥር ዴልቶይድ ወደሚባለው፣ ትከሻን ከውጭ ወደሚሸፍነው ጡንቻ የሚሄድ ነርቭ ስለሚያልፍ፣ አጥንቱም አብሮ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ከማሳብ በፊት ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። ክላቪክል በትከሻው ጫፍ በኩል የሚላቀቅበት ጉዳትም አለ፤ በትከሻ ጫፍ ላይ በቀጥታ የወደቀ ተጫዋች ላይ የሚታየው ይህኛው ነው፤ ጫፉ ላይ ጉብታ ስለሚወጣ በዓይን ይለያል።