ፐኒሸር፦ ዋር ዞን — የተገደለው ፖሊስ ቤተሰብስ?

የሳጅኑ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር «ፐኒሸር፦ ዋር ዞን»ን አየን። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ሬይ ስቲቨንሰን የሚሠራበት ነው። ወንድሜ ከጓደኛው በፍላሽ አምጥቶት ነው። ቡና አፍልቼ፣ ፈንዲሻ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ፈንዲሻው እንዳለ ነበር።

አክሽን ስለማትወጂ ነው እንዳትሉኝ። ያደግኩት ቪዲዮ ቤት አጠገብ ነው። አክተሩ አንድ ለሃያ ሲገጥም ከሰፈር ልጆች ጋር አብሬ ጮኬያለሁ። ደም አያስደነግጠኝም። ይሄኛው ግን አጓጉቶ ከዳኝ። ለዚህ ነው ልጠይቃችሁ የመጣሁት።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፐኒሸር የሚባለው ፍራንክ ካስል ነው፤ የቀድሞ ወታደር። ሚስቱንና ልጆቹን መናፈሻ ውስጥ ማፍያዎች ገድለውበታል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወንበዴ እያደኑ መግደል ነው። ደረቱ ላይ የራስ ቅል ምስል አለ። ፊልሙ ሲጀምር ፍራንክ አንድ ሽማግሌ የማፍያ አለቃ እራት ላይ ይደርሳል። መብራት ይጠፋል። ከዚያ ጣሪያው መብራት ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ እየተሽከረከረ በሁለት እጁ ይተኩሳል። እሺ ብዬ አየሁት። ከኮሚክ፣ ከሥዕል መጽሐፍ የመጣ ታሪክ ነው፣ ይሁን።

ያመለጡትን ተከትሎ ጠርሙስ የሚፈጭበት ፋብሪካ ይገባል። እዚያ ከገደላቸው ሰዎች አንዱ ግን ወንበዴ አልነበረም። ኒኪ ዶናቴሊ ይባላል። ወንበዴ መስሎ ውስጣቸው የገባ የኤፍ ቢ አይ ሰው ነው። ሚስት አለችው። ትንሽ ሴት ልጅ አለችው።

እዚህ ጋ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ምክንያት አለኝ። አባቴ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ነበር።

ልጅ ሆኜ ለሥራ ሲወጣ የሚለብሳት አንዲት አሮጌ ጃኬት ነበረችው። ጺሙን ያሳድጋል። ሲጋራ አያጨስም፣ ግን ኪሱ ውስጥ ፓኬት አይጠፋም። «መንገድ ላይ ካያችሁኝ አባባ እንዳትሉኝ» ብሎናል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ አየሁት። ከሦስት ሰዎች ጋር አጥር ተደግፎ ቆሟል። እንዳላየ አለፈኝ። እኔም አለፍኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ሲያመሽ እናቴ በሩን ሳትቀረቅር ትጠብቀዋለች። ሌባ ይጎዳዋል ብላ ብቻ አልነበረም የምትሰጋው። የበለጠ የምትፈራው ሌባ መስሎት የሚመታውን ሰው ነበር።

አያችሁ? ይሄ ፊልም ስለ እናቴ ፍርሃት የተሠራ መሰለኝ። ፍራንክ ብር ይዞ ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳል። ሚስቲቱ፣ አንጄላ፣ ሽጉጥ ትደግንበታለች። ብሩን አትፈልግም። እሱም ልተወው ይላል፤ ከእንግዲህ አልገድልም ይላል። «ይኸው! ፊልሙ ይሄ ነው» አልኩት ወንድሜን። ቤተሰቡን በግፍ ያጣ ሰው፣ በራሱ እጅ ሌላ ቤተሰብ አፈረሰ። ከዚህ በላይ ምን ታሪክ አለ?

ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ተረሳ። ፋብሪካው ውስጥ ፊቱ በጠርሙስ የተፈጨው ወንበዴ፣ ቢሊ ሩሶቲ፣ ጂግሶው በሚል ስም ይመለሳል። እብድ ወንድሙን ከሆስፒታል ያስወጣል። ሰው የሰው ሥጋ ይበላል። አንድ ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል በሮኬት አየር ላይ ይበተናል። ፊት በቡጢ ወደ ውስጥ ይገባል። አንጄላና ልጇ የሚታገቱ፣ የሚታሰሩ፣ የሚድኑ ዕቃዎች ሆኑ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይቅርታው ይመጣል፤ ያውም በጥቂት ቃል። ያቺ ልጅ የአባቷን ገዳይ ስታይ ምን እንደምታስብ አንድ ደቂቃ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት? ሬይ ስቲቨንሰን እኮ ይችላል! ዓይኑ ብቻ ያወራል። ያን ዓይን ይዘው ነው ሰው በመበተን የጨረሱት።

ጥያቄዬ፦ ይህን ፊልም እንወደዋለን የምትሉ ብዙ ናችሁ አሉ። ምን አያችሁበት? ደግሞስ በስህተት ስለተገደለው ሰው ከልቡ የሚያወራ የፐኒሸር ታሪክ የትም የለም?

ማታ ፈረቃ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።

እኔ ከሚወዱት ነኝ። በልብ ነው የምወደው። የሰው ሕይወት ሲረክስ ማየት ደስ ብሎኝ አይደለም። በ1989 ዶልፍ ላንድግሬን የሠራውን የፐኒሸር ፊልም አይቻለሁ፤ ደረቱ ላይ የራስ ቅሉ እንኳ የለም። በ2004 ቶማስ ጄን የሠራውንም አይቻለሁ። እሱ ታምፓ ፍሎሪዳ በፀሐይ የሚሆን ነው። ፍራንክ አንዱን ሰው በእሳት የሚያቃጥለው አስመስሎ ጀርባውን በአይስክሬም ይነካዋል። ሁለቱም ፊልም ገጸ ባሕሪውን የፈሩት ነው የሚመስለኝ። ዋር ዞን አልፈራውም። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መብራቱን አስተውለሽዋል? እያንዳንዱ ትዕይንት የኮሚክ ገጽ ነው። ደሙም የዚያ ገጽ ቀለም ነው።

ዳይሬክተሯ ሌክሲ አሌክሳንደር ትባላለች። ጀርመናዊት ናት፤ የካራቴና የኪክቦክሲንግ ሻምፒዮን ነበረች። ስለዚህ የምት ክብደት ታውቃለች። ስቲቨንሰን አንድ ሰው ሲመታ ትከሻው እንዴት እንደሚሄድ እይው። ዝም ብሎ የካሜራ መንቀጥቀጥ አይደለም።

ስለ አንጄላ ያልሽው ግን እውነት ነው። እስከ ዛሬ እንደዚያ አላየሁትም ነበር። ሁልጊዜ እሷ ያለችበትን ቦታ አሳልፌ ነው የማየው። አሁን ሳስበው አሳፈረኝ።

ሞንትሪያል

ሰላም። እኔ ስለ ቦታው ብቻ ልጨምር። ታሪኩ ኒው ዮርክ ነው ይላሉ እንጂ የተቀረጸው እዚህ ሞንትሪያል ነው። ለእኔ የፊልሙ አንድ ድክመት እዚህ ጋ ነው። ከተማዋ ሰው የላትም። ሁሌ ሌሊት፣ ሁሌ እርጥብ መንገድ፣ ሁሌ ጭስ። ዳቦ የሚገዛ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ የለም። ፍራንክ የሚጠብቀው ሕዝብ የታለ? አንድ ተራ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ብናይ ኖሮ፣ በስህተት የሚገደል ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባን ነበር። ሁሉም ወንበዴ የሆነበት ከተማ ውስጥ ጥይት የትም ቢሄድ ግድ አይሰጥም።

ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከመላው ዓለም ሲኒማ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው ያገኘው። ከስሯል።

የሳጅኑ ልጅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ፈረቃ፣ ወንድሜ፣ ማፈር የለብህም። እኔም አባቴ ፖሊስ ባይሆን ኖሮ አሳልፌው ነበር ይሆናል። ስለ ቀለሙ ያልከውን ይዤ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ደግሜ አየሁ። ልክ ነህ፣ ያምራል። ምቱም ክብደት አለው። ግን ይበልጥ አናደደኝ። ይህን ያህል የምትችል ሴት፣ ይህን የመሰለ ተዋናይ ይዛ! ሥራ የማያውቅ ሰው ቢያበላሸው አላዝንም ነበር።

ሞንትሪያል፣ ዳቦ የሚገዛ ሰው የለም ያልከው አልወጣ ብሎኛል። የእኛ መናኸሪያ ላይ እኮ አባቴን የደበቀው ሕዝቡ ነበር። ሻይ ሻጯ፣ ወያላው፣ ሎተሪ አዟሪው። እሱን ለማግኘት ያን ሁሉ ሰው ማለፍ ነበረብህ።

ኮሚክ አንባቢ

ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ።

ፐኒሸር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1974 ነው፤ ስፓይደርማን ኮሚክ ቁጥር 129 ላይ። ጸሐፊው ጄሪ ኮንዌይ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ስፓይደርማንን ሊገድል ነው የሚመጣው! ነፍሰ ገዳይ ነው ብለው ዋሽተውት ያምናል። ንጹሕ ሰው እያሳደደ ነው የተወለደው። ስለዚህ አንቺ የጠየቅሽው ጥያቄ ከውጭ የመጣ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገጸ ባሕሪው ጥያቄ ነው። ፊልሙ በእጁ ይዞት ጣለው ስትይ ልክ ነሽ።

ብዙ ሰው ይህን አይፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ያን የራስ ቅል መኪናቸው ላይ የሚለጥፉ ፖሊሶች አሉ። በ2019 የወጣ አንድ የፐኒሸር ኮሚክ ቁጥር ላይ ፍራንክ ራሱ የፖሊሶቹን ተለጣፊ ይቀዳድዳል። አርአያ ከፈለጋችሁ ካፒቴን አሜሪካ አለላችሁ፣ እኔን አትከተሉ ይላቸዋል። ጸሐፊዎቹ ነገሩ አሳስቧቸዋል ማለት ነው።

ማንበብ ከፈለግሽ ጋርዝ ኤኒስ ከ2004 ጀምሮ ለአዋቂ የጻፈውን ተከታታይ ፈልጊ። 60 ቁጥር ነው። እሱም እንደ ሬይ ስቲቨንሰን የሰሜን አየርላንድ ልጅ ነው። እዚያ ፍራንክ ጀግና አይደለም። ያረጀ፣ የደከመ፣ ከመግደል ሌላ ምንም ያልቀረው ሰው ነው። ግን ከባድ ነው፣ አስቢበት።

ማየት ከመረጥሽ «ዴርዴቪል» የሚባለው ተከታታይ ድራማ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ 4ኛው ክፍል። በ2016 የወጣ ነው። ጆን በርንታል ፐኒሸርን ይሠራል። ቆስሎ መቃብር ቦታ ተቀምጦ ስለ ልጁ ያወራል። ከጦርነት የተመለሰ ቀን ማታ ልጁ መጽሐፍ አንብብልኝ ትለዋለች። ደክሞኛል፣ ነገ ማታ አነብልሻለሁ ይላታል። በማግስቱ ተገደለች። ምንም ተኩስ የለም። ሰውየው ያወራል፣ ያ ብቻ ነው።

ማታ ፈረቃ

ያን ክፍል እኔም አይቼዋለሁ። ጨርሼ ልጄ ክፍል ገባሁ። ተኝታ ነበር፣ ግን ገባሁ።

ስቲቨንሰን ግንቦት 2023 ጣሊያን ውስጥ በ58 ዓመቱ አርፏል። የሕንዱን ፊልም «አር አር አር» ያያችሁ ክፉውን አገረ ገዥ ሆኖ ታስታውሱታላችሁ። ነፍሱን ይማርልን። እንዲያ ያለ የመቃብር ትዕይንት ለእሱም ቢጻፍለት እወድ ነበር።

የሳጅኑ ልጅ

ኮሚክ አንባቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት አየሁት። ከአባቴ ጋር ነው ያየሁት። አሁን ጡረተኛ ነው፤ ጺሙንም በየቀኑ ይላጫል። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንበት እኔ እየተረጎምኩ፣ እያቆምኩ። የመቃብሩ ቦታ ላይ ሲደርስ እንዳቆመው አልፈለገም። «ተይው፣ ገብቶኛል» አለኝ።

ከዚያ ዋር ዞንንም አሳየሁት። ሁሉንም አይደለም፤ ፍራንክ ብር ይዞ አንጄላ ቤት የሚሄድበትን ብቻ። ሟቹ ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሞተ አስረዳሁት። አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በሥራው ዘመን ስለነበረ ነገር ብዙ አያወራም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰውየው እጁን ሰጠ?»

«አልሰጠም» አልኩት።

«እንግዲያ ብሩን ለምን ወሰደላት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተነስቶ በሩን ሊቀረቅር ሄደ። እናቴ ከጓዳ «እኔ ቀርቅሬዋለሁ» አለችው። እሱም ሄዶ ነካ አድርጎት ተመለሰ።