የስፖርት መኪና ክብደት በአራቱ ጎማ ማመጣጠን፦ ጎንደር ላይ በርካሽ እንዴት ይሠራል?

የማራኪው ሴሊካ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ኮይልኦቨር ላከልኝ። ከፍታው በቀለበት እየተጠመዘዘ የሚስተካከለው ሞላና ሾክ አብዞርበር ማለቴ ነው። ከገጠምኩት ወዲህ መኪናዋ ባህሪዋን ቀየረች። ወደ ግራ ሳጥፋት ደስ ትላለች። ወደ ቀኝ ግን አፍንጫዋ አልታዘዝ ይላል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የላትም፤ ፍሬን ጠንከር አድርጌ ስይዝ የቀኝ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቻለሁ። ፍሬኑም ታይቶ ደህና ነው ተብያለሁ።

ሳነብ የደረስኩበት ኮርነር ባላንስ የሚሉት ነገር ነው። በአራቱም ጎማ ሥር ሚዛን ተቀምጦ ክብደቱ ይታያል፣ ከዚያ ሞላው ይስተካከላል። ግን የሚዛኑ ዋጋ ውጭ አገር እንኳ ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ ግቢዬ ውስጥ በአቅሜ የምሠራበት መንገድ አለ?

ጋሽ ቮልስ

ልጄ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በክሪክ እያት። ደልዳላ ቦታ አቁማትና የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። በኋላ ጎማዎች ሥር አንዳንድ ወረቀት ይኑር። ክሪኩን ከኋላ ትክክለኛው መሃል ላይ ግጠምና ቀስ እያልክ አንሣ። ወረቀቶቹን እየሳብክ ሞክር። ቀድሞ ወረቀቱን የለቀቀው ጎማ፣ የተሸከመው ክብደት ያነሰው ነው። ፊት ላይም እንዲሁ አድርግ፤ ያኔ ታኮው ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል።

ፊትም ኋላም የቀለለው ያው አንድ ጎን ከሆነ መኪናዋ በዚያ ጎን ቀላል ናት። እሱ ሞላ በመጠምዘዝ አይስተካከልም። ፊት አንዱ ጎን፣ ኋላ ሌላው ጎን ከቀለለ ግን በሽታዋ ሰያፍ ነው። ይሄ ዘዴ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይነግርህም። ወዴት እንዳዘመመች ግን ይነግርሃል። ደግሞ ሥሯ እንዳትገባ! በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና አትታመንም።

የማራኪው ሴሊካ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ፊት የቀኙ፣ ኋላ የግራው ቀድሞ ለቀቀ።

ግራሶ

በቃ፣ ሰያፍ ነው። ከነገርከን ምልክት ጋርም ይገጥማል። የቀኝ የፊት ጎማ ክብደት ስለጎደለው ፍሬን ሲያዝ መሬቱን አጥብቆ አይይዝም፣ ይቆለፋል። የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ደግሞ ከድርሻቸው በላይ ተሸክመዋል። አንድ እግሩ የረዘመ ጠረጴዛ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ሁለት ነገር ለይተህ ያዝ። የፊትና የኋላ ድምር፣ የግራና የቀኝ ድምር በሞላ አይለወጥም። እነሱን መለወጥ ከፈለግህ ዕቃ ማዛወር አለብህ፤ ባትሪ፣ መለዋወጫ ጎማ፣ የመሳሰለውን። በሞላ የሚለወጠው ሰያፉ ብቻ ነው። የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ ተደምረው ከጠቅላላው ግማሽ ያህል፣ 50 በመቶ፣ እንዲሆኑ ነው የምትፈልገው።

ሹፌር ነኝ

ለምን የምድር ሚዛን ላይ አይወጣም? እኛ ከመተማ ስንመጣ በአክስል ነው የሚመዝኑን።

ግራሶ

ወንድሜ፣ እሱ ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። ቢፈቀድልህም የሚያነበው ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ20 ኪሎ እየዘለለ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ፊቱን ለብቻ፣ ኋላውን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ ብትመዝን እንኳ ሰያፉን ከዚያ ማውጣት አትችልም። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው መነበብ አለበት።

ቅዳሜ ገበያ

አራት ሚዛን ለምን ትፈልጋለህ? አንድ ይበቃሃል። እኛ እህልና ሰሊጥ የምንመዝንበት ባለ ሰሌዳ ሚዛን አለ። ባለ 300 ኪሎው ለፊት ጎማ አይበቃህም፣ ባለ 500ውን ፈልግ። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ ታወጣለህ። ሦስቱን ከሚዛኑ ጋር እኩል ቁመት ባለው ጣውላ ላይ ታቆማለህ። አንብበህ ሚዛኑን ወደ ሌላው ጎማ ታዛውራለህ። አድካሚ ነው፤ ግን ወጪው ለባለ ሚዛኑ የምትከፍለው ኪራይ ብቻ ነው። ብቻ በሰሊጥ ወቅት እንዳትመጣ፣ ያኔ ለራሳችንም አይበቃን።

ጎማው ሙሉ በሙሉ ሰሌዳው ላይ መቀመጥ አለበት። ጠርዝ ከነካ ውሸት ያነባል። ሚዛኑንም ፈትሸው። ያልተፈታ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። መሃሉ ላይ፣ ከዚያ በየማዕዘኑ አስቀምጠህ እየው። ቁጥሩ ከተለያየ ሌላ ሚዛን ፈልግ።

ውሃ ልክ

እኔ የግንባታ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ መኪናው ብዙ አላውቅም። ስለ ወለሉ ግን ልናገር። የጎንደር ግቢ ደልዳላ ነው ሲባል አትመኑ። ሊሾ እንኳ ቢሆን ውሃ እንዲወርድበት ተዳፍቶ ነው የሚፈሰው። በዓይን አይታይም። አጭር ውሃ ልክም ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው አይደርስም።

ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ 8 ሜትር ያህል፣ ውሃ ሙላበት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር። አንዱን ጫፍ አንደኛው ጎማ የሚቆምበት ቦታ ላይ ከቆመ እንጨት ጋር እሰረው። ሌላውን ጫፍ ወደ ሦስቱ ቦታዎች እያዛወርክ የውሃውን ከፍታ ከወለሉ በሜትር ለካ። ውሃው ረጋ እስኪል ጠብቅ። ልኬቱ የበዛበት ቦታ ዝቅ ያለው ነው። ቱቦውን ባዛወርክ ቁጥር የመጀመሪያውን ጫፍም እንደገና አንብብ፤ እሱም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ዝቅ ያለውን በሴራሚክና በላሜራ ቁራጭ እየሞላህ አስተካክል። እኛ ዘንድ 3 ሚሊ ስህተት ለግድግዳ ምንም አይደለም። ለእናንተስ?

ግራሶ

እህቴ፣ ለእኛ ብዙ ነው! ጠንካራ ሞላ ላይ 3 ሚሊ ከፍታ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የኪሎዎች ለውጥ ያመጣል። ባይሆን 1 ሚሊ ውስጥ ይግባ። የማራኪው፣ ወለሉን አንዴ ካስተካከልክ አራቱን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግባቸው፤ ሌላ ጊዜ ከዜሮ አትጀምርም።

ከመመዘንህ በፊት የጎማ ንፋስ በትክክል ይሞላ። ቤንዚኑ ግማሽ ታንክ ይሁን። የስታቢላይዘር ባሩን (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘውን ብረት) ማያያዣ በአንድ በኩል ፍታው፤ ካልፈታኸው እሱ ራሱ ክብደት ከጎን ወደ ጎን እየገፋ ያሳስትሃል። የእጅ ፍሬን አትያዝ፣ ታኮም ገፍቶ እንዳይነካ። ሾፌር ደግሞ መኖር አለበት። አንተ ስንት ኪሎ ነህ?

የማራኪው ሴሊካ

70።

ግራሶ

አንድ ከረጢት ሲሚንቶና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጥ። ያው 70 ነው። ጀሪካኑን በቀበቶ እሰረው፣ እንዳይደፋብህ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። መኪና በክሪክ ተነሥታ ስትወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ነው መሬት የሚነኩት። ላስቲኩ ስለሚይዛቸው ሞላው ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። በዚያ ሁኔታ ብትመዝን ቁጥሩ ሁሌ ይለያያል። ሁለት ላሜራ ቁረጥ፣ መሃላቸው ግራሶ ቀባ፣ በየጎማው ሥር አስገባ። ያኔ ጎማው ወደ ጎን ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። አራቱም ጋ ላሜራው እኩል ውፍረት ይኑረው። ከዚያ መኪናዋን ከፊትም ከኋላም በእጅ ጫን ጫን አድርገህ ለቀቅ። ያኔ አንብብ።

ከደባርቅ

እዚህ ባለ 500 ሚዛን የለም። የሰው መመዘኛ ብቻ ነው ያለኝ፣ እስከ 150 ኪሎ የሚያነበው። ይሆናል?

ግራሶ

ይሆናል፣ ግን በዘዴ። ጠንካራ ቱቦላሬ ውሰድ። አንዱ ጫፉ ብሎኬት ላይ፣ ሌላው ጫፉ ሚዛኑ ላይ ይረፍ። በሁለቱም ጫፍ ሥር ቁራጭ ፌሮ አድርግ፣ የሚያርፍበት ነጥብ በትክክል እንዲታወቅ። በፌሮዎቹ መካከል 120 ሴንቲ ይሁን። የጎማው መሃል ከብሎኬቱ ፌሮ 30 ሴንቲ ላይ ካረፈ፣ ሚዛኑ የሚያየው የጎማውን ሩብ ነው። 360 ኪሎ ቢሆን 90 ያነባል። የባዶውን ቱቦላሬ ንባብ አስቀድመህ ቀንስ።

ችግሩ፣ ስህተቱም በ4 ይባዛል። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢዋሽ አንተ ጋ አራት ሆኖ ይመጣል። 30 ሴንቲው ላይም አትቀልድ፤ አንድ ሴንቲ ብትስት ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ቱቦላሬው ከጎበጠም ተወው፣ ወፍራም ፈልግ።

የማራኪው ሴሊካ

ቅዳሜ ገበያ፣ ሚዛኑን ከአንድ ነጋዴ ተከራየሁ፣ ተባረክ። ወለሉን በቱቦ ለካሁት። የኋላው ቀኝ ቦታ ለካስ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለት ሴራሚክና አንድ ላሜራ ዋጠ። ቁጥሮቹ እነሆ። ፊት ግራ 391፣ ፊት ቀኝ 329፣ ኋላ ግራ 209፣ ኋላ ቀኝ 251። ድምር 1,180።

ግራሶ

ጎሽ! እንቁጠር። ፊት ቀኝና ኋላ ግራ 538 ነው። ከ1,180 ሲታይ 45.6 በመቶ። መሆን ያለበት 590 ነበር። የጎደለው 52 ኪሎ ነው፤ በሁለቱ ጎማ ሲካፈል 26፣ 26። ግራው 600፣ ቀኙ 580 ነው። እሱ ያንተ ክብደት ግራ ስለተቀመጠ ነው፣ አትንካው።

አንድ ጥግ ከፍ ስታደርግ ያ ጎማና በሰያፍ ያለው ጓደኛው ይከብዳሉ፤ ሁለቱ ሌሎች ይቀላሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጥግ ላይ አትጫን፣ መኪናዋ ትዘምብሃለች። ፊት ቀኝና ኋላ ግራን 5 ሚሊ ከፍ፣ ፊት ግራና ኋላ ቀኝን 5 ሚሊ ዝቅ አድርግ። የመኪናዋ አማካይ ቁመት አይለወጥም። ቀለበቱን ከማዞርህ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፤ የጎንደር አቧራ ከገባበት ይበላዋል። የዞረውን በዙር አትቁጠር፣ በሜትር ለካ። የአንዱ ጥርስ 1.5 ሚሊ፣ የሌላው 2 ሚሊ ሊሆን ይችላል።

የማራኪው ሴሊካ

አስተካክዬ መዘንኩ። 369፣ 350፣ 231፣ 229። 49.3 በመቶ። ልቀጥል ወይስ ይብቃ?

ግራሶ

ይብቃ። ከዚህ በኋላ የምታሳድደው የሚዛኑን ስህተት ነው። ቀለበቶቹን ቆልፍ። የስታቢላይዘሩን ማያያዣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ሾፌር ተቀምጦ ግጠም። ቡሎኑ ሳትገፋው ካልገባ ባሩ ተወጥሯል ማለት ነው። ርዝመቱ የሚስተካከል ማያያዣ ካለህ አስተካክለው፤ አለበለዚያ የሠራኸውን ግማሹን መልሶ ያበላሻል።

ጎሚስታው

እና አላይመንት እንደገና። ቁመት ከተነካ የጎማው አቅጣጫም ይቀየራል። ያሠራኸው የድሮውን ነው። ስትሄድ ሲሚንቶውንም ይዘህ ሂድ 😄

ጋሽ ቮልስ

ፍሬኗን መጀመሪያ ሰው በሌለበት፣ በቀስታ ሞክራት። በአዘዞ መንገድ በባጃጅ መሃል አይሆንም።